ቻው የምንላት ቃል ከየት መጣች?

እናቴ ስልክ ስትዘጋ አንድ ጊዜ ብቻ ቻው ብላ አታውቅም፣ «እሺ ቻው፣ ቻው ቻው፣ እሺ በቃ ቻው» ትልና ከዛ ስልኩን ሳትዘጋው ትረሳና ከጎረቤት ጋር ስለሽንኩርት ዋጋ የምታወራውን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ባለፈው እንደዚሁ ስሰማ ይቺ ቻው ምን ማለት ናት ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፣ ማሰብ ጀመርኩና ደግሞ አላቆምኩም፣ ምክንያቱም ቃሏ ውስጥ ያለው ታሪክ እንደ ሽንኩርት ነው፣ አንዱን ስትልጠው ሌላ ይመጣል፣ ትንሽም ያስለቅሳል።

ጣልያንኛ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ከማኪያቶ፣ ከፌርማታ፣ ከፍሬን፣ ከካምቢዮ ጋር አብራ የገባች ናት። ጣልያን ኤርትራን ከ1890 ጀምሮ ይዞ ነበር፣ እኛ ጋ ደግሞ ከ1936 እስከ 1941 (ሁሉንም በፈረንጆች ነው የምቆጥረው እንዳትደናገሩ) ቆይቶ ተባሮ ሄዷል፣ ቃሎቹ ግን ቀሩ። እሺ፣ ጣልያኖቹስ ከየት አመጧት?

ከቬኒስ ነው። ቬኒስ ያኔ የራሷ መንግስትና የራሷ ቋንቋ ያላት ሀብታም የነጋዴ ከተማ ነበረች፣ እና የቬኒስ ሰው የሚያከብረውን ሰው ሲያገኝም ሲሰናበትም «ስቻቮ ቮስትሮ» ይል ነበር። ትርጉሙ ቃል በቃል «የርስዎ ባሪያ ነኝ» ነው። አዎ፣ ባሪያ። ማንም ግን እውነቱን ባሪያ ነኝ እያለ አልነበረም፣ እኛ «አፈር ስሆን ብላ» ስንል አፈር ለመሆን ተነስተን እንዳልሆነ ማለት ነው፣ የትህትና አነጋገር ነው በቃ። አንድ ነገር በቀን ሃምሳ ጊዜ ሲባል ደግሞ ይላሻል፣ እንዴት አደርክ የሚለው በፈጣን አፍ እንዴታደርክ እንደሚሆነው፣ ስቻቮ ቮስትሮም መጀመሪያ ቮስትሮው ወደቀና ስቻቮ ቀረ፣ ከዛ ስቻው፣ ከዛ መጀመሪያ ላይ ያለችው ስ ጠፋችና ቻው።

አስቂኙ ነገር ትርጉሙ ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን ተገልብጦ መቅረቱ ነው። ድሮ ለትልቅ ሰው ዝቅ ብሎ የሚባል ቃል ነበር፣ ዛሬ ጣልያን አገር ቻው የሚባለው ለጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለቤተሰብ ነው። ጣልያን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ መስሪያ ቤት ሄዳችሁ መስኮቱ ጋ የተቀመጡትን ሴትዮ ቻው ብትሏቸው ፊታቸው ይቀየራል፣ ቦንጆርኖ እና አሪቨደርቺ ነው የሚያዋጣው። ደግሞ እነሱ ሲገናኙም ሲለያዩም ነው ቻው የሚሉት፣ እኛ የወሰድነው የመለያየቱን ግማሽ ብቻ ነው። ጭራሽ አስፍተነዋል፣ «ቻው በለው እሱን» ስንል ተወው እርሳው ማለታችን ነው።

አሁን ሁለተኛውን ልጣጭ እንላጥ። ስቻቮ የቬኒስ አባባል ሆኖ በመደበኛው ጣልያንኛ ስኪያቮ ነው፣ ባሪያ ማለት። ፈረንሳዮች ኤስክላቭ ይላሉ፣ ስፔኖች ኤስክላቮ፣ ፖርቱጋሎች እሽክራቩ፣ ጀርመኖች ስክላቨ፣ ሆላንዶች ስላፍ፣ እንግሊዞች ስሌቭ። ሁሉም አንድ ቃል መሆኑ ያስታውቃል። (ፈረንሳይና ስፔን ፊት ላይ የጨመሯት «ኤ» ደግሞ እኛ እስታዲየም፣ እስፖርት ስንል የምንጨምራት «እ» ናት፣ አፍ አንድ አይነት ነገር ሲከብደው አንድ አይነት መፍትሄ ያመጣል።) ሁሉም ከመካከለኛው ዘመን ላቲን ስክላቩስ የመጡ ናቸው፣ ላቲኑ ከግሪክኛ፣ ግሪክኛው ደግሞ ከአንድ ሕዝብ ስም። የሕዝቡ ስም ስላቭ ነው። ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ፖላንድ፣ ቼክ፣ ሰርቢያ፣ ክሮኤሽያ፣ ቡልጋሪያ፣ የነዚህ ሁሉ ቅድመ አያቶች።

ስላቮች ራሳቸውን ስሎቬኔ ይሉ ነበር፣ አብዛኞቹ የቋንቋ ተመራማሪዎች ስሎቮ ከሚለው ጋር ያያይዙታል፣ ስሎቮ ማለት ቃል ማለት ነው። ማለትም «ባለ ቃሎች፣ እርስ በርስ የምንግባባ»። ዜና ላይ «ስላቫ ዩክሬይኒ» ሲባል የምትሰሟት ስላቫም (ክብር፣ ዝና ማለት ናት) የዚሁ ስር ዘመድ ናት። እና እኛ ባለ ቃል ከሆንን ቋንቋው የማይገባን ጎረቤት ማነው? ዲዳ! ጀርመናዊን እስከ ዛሬ ድረስ ሩሲያኛ ኔሜትስ፣ ፖሊሽ ኒየሜትስ፣ ቼክኛ ኔሜትስ የሚሉት ዲዳ ከሚለው ቃል ነው። አረብ አገር ያላችሁ ኦስትሪያ በአረብኛ «ነምሳ» የምትባለው ለምንድነው ብላችሁ ታውቁ ከሆነ መልሱ ይሄ ነው፣ ያቺው የስላቮች «ዲዳ» ዞራ ዞራ አረብኛ ገብታ ነው።

በ6ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ ሰዎች ወደ ዳኑብ ወንዝ ሲጠጉ የቢዛንታይን ግሪኮች ስማቸውን መጻፍ ነበረባቸው፣ ፕሮኮፒየስ የሚባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ስክላቪኖይ ብሎ ጽፏቸዋል። «ክ»ዋ ከየት መጣች ካላችሁ፣ ግሪክኛ ላይ በ«ስል» የሚጀምር ቃል ስለማይመች መሃል ላይ ክ ሰገሰጉበት፣ በቃ። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም፣ የሕዝብ ስም ነው።

ታዲያ የሕዝብ ስም እንዴት ባሪያ ሆነ? መልሱ ገበያ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ነገር ገጠመ፣ አንደኛ በደቡብ በኩል ገንዘብ ያላቸው ገዢዎች ነበሩ፣ ባግዳድ፣ ግብጽ፣ ሙስሊም የሚያስተዳድራት ስፔን። ሁለተኛ ቤተክርስቲያን ክርስቲያንን ለሙስሊም መሸጥ ከልክላለች፣ ስላቮች ደግሞ ያኔ ብዙዎቹ ገና አልተጠመቁም (የፖላንዱ መስፍን በ966፣ የኪየቭ ሰዎች በ988 ነው የተጠመቁት)። ስለዚህ ከምዕራብ የጀርመን ጦር፣ ከሰሜን ቫይኪንጎች እየማረኩ፣ ራሳቸው የስላቭ አለቆችም እርስ በርስ እየተዋጉና እየማረኩ ያመጧቸዋል፣ በፕራግ በኩል፣ በቬኒስ በኩል ወደ ደቡብ ይሸጣሉ። ኢብራሂም ኢብን ያዕቁብ የሚባል ከስፔን የመጣ ተጓዥ በ965 አካባቢ ፕራግን አይቷት ከድንጋይና ከኖራ የተሰራች የንግድ ከተማ እንደሆነችና ከሸቀጡ መሃል ሰው እንዳለበት ጽፏል።

ገበያ ላይ የሚታየው ባሪያ ሁሉ ስላቭ ሲሆን ስላቭ ማለትና ባሪያ ማለት አንድ ሆኖ ቀረ። አረቦችም ጋ ሰቃሊባ የሚለው ቃል እንደዚሁ ነው የሄደው፣ መጀመሪያ ስላቮች ማለት ነበር፣ ኋላ ከአውሮፓ የመጣ የቤተመንግስት ባሪያ ሁሉ ሰቃሊባ ተባለ። ኮርዶባ (የሙስሊም ስፔን ዋና ከተማ) ላይ ጠባቂ፣ ጃንደረባ፣ ጸሐፊ ሆነው ቤተመንግስቱን ሞልተውት ነበር፣ ጭራሽ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኮርዶባ ኸሊፋነት ሲፈራርስ ሙጃሂድ የሚባለው ሰቃሊቢ ዴኒያ የምትባለውን የባህር ዳር ከተማ ይዞ ራሱ ነገሰ። ፊልም ይወጣዋል።

አንድ ጥያቄ ግን ሊነሳ ይችላል፣ አውሮፓ ከዛ በፊት ባሪያ አልነበራትም እንዴ? ነበራት እንጂ! ሮም የቆመችው በባሪያ ጉልበት ነው፣ የላቲኑ ቃል ደግሞ ሰርቩስ ነበር። ችግሩ ሰርቩስ የሚለው ቃል ዘመን ሲቀየር አብሮ ተቀየረ፣ ሮም ከወደቀች በኋላ መሬት ላይ ታስሮ ለጌታው የሚያርስ ጭሰኛ መጠሪያ ሆነ፣ ፈረንሳዮች ሰርፍ የሚሉት። ስለዚህ ተገዝቶ ተሽጦ ለሚሄደው ሰው አዲስ ቃል አስፈለገ፣ ያ ክፍት ቦታ ላይ ነው ስክላቩስ የገባው። ሁሉም በዚህ ይስማማል ማለት አይደለም፣ ቃሉ ምርኮ መግፈፍ ከሚል የግሪክ ግስ ነው የመጣው የሚሉ ጥቂት ተመራማሪዎች አሉ፣ ብዙሃኑ ግን ከሕዝቡ ስም ጋር ነው።

እንግሊዞችም የራሳቸው ጉድ አላቸው። ጥንት እንግሊዝኛ ላይ ዌአልህ የሚል ቃል ነበር፣ ባዕድ ማለት ነው፣ ቀጥሎ ደሴቷ ላይ ቀድሞ የነበረው የኬልት ሕዝብ ማለት ሆነ፣ ቀጥሎ ባሪያ ማለትም ሆነ። ዛሬ ዌልስ የምትባለው አገር ስሟ ከዛች ቃል ነው። ስዊድንኛ ላይ ደግሞ እስከ አሁን ስላቭ የሚባለው ሰውና ባሪያ የሚለው ቃል አጻጻፉ አንድ ነው፣ ስላቭ እና ስላቭ፣ ከአረፍተ ነገሩ ነው የምትለየው።

እዚህ ስደርስ ፈረንጅ ላይ መሳቅ አላሰኘኝም፣ ወደ ራሳችን ቃል ዞርኩ። መጻፉ ራሱ ይከብዳል፣ ስንቱ የተሰደበበትና አሁንም የሚሰደብበት ቃል ነው፣ ግን ማብራሪያ ነውና ልጻፈው። ምዕራብ ኤርትራ ውስጥ ናራ የሚባል ሕዝብ አለ፣ ድሮ ሌሎች ባርያ እያሉ ነበር የሚጠሯቸው፣ እነሱ ግን ራሳቸውን ናራ ነው የሚሉት። ንጉስ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኖባዎችን ስለወጋበት ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ኖባዎች ካጠቋቸው ሕዝቦች አንዱ ተብሎ ባርያ ተጠቅሷል፣ የሕዝብ ስም ሆኖ ማለት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እኛ ባሪያ የምንለው ቃል ከዚህ የሕዝብ ስም ነው የመጣው ይላሉ። ከስላቭ ጋር ምን ለየው? ጎረቤት ሕዝብ፣ ተደጋጋሚ ዘመቻ፣ ምርኮ፣ ገበያ፣ ከዛ ስሙ የሕዝብ ስም መሆኑ ቀርቶ የዕቃ ስም ሆነ። ሁለቱ ታሪኮች አልተገናኙም፣ አንዱ ከአንዱ አልተማረም፣ ግን መንገዱ አንድ ነው።

ሌላም ምጸት አለበት። ጣልያን በ1935 ሲወረን ለዓለም ከነገረው ሰበብ አንዱ «ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት አለ፣ ልናስቀር ነው» የሚል ነበር። ባርነት ነበር፣ መካድ አይቻልም፣ ኢትዮጵያም በ1923 የመንግስታት ማኅበር ስትገባ ላስቀር ብላ ቃል ገብታ ነበር፣ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተከለከለው በ1942 ነው። ግን ባሪያ ነጻ ላወጣ ነው ብሎ በመርዝ ጋዝ የመጣ ሰው አፋችን ላይ ትቶት የሄደው ቃል «ባሪያህ ነኝ» የሚል መሆኑ... ምን ልበል፣ ታሪክ አንዳንዴ ያላግጣል።

ወደ ስላቮቹ ልመለስ፣ እነሱ ራሳቸው ባሪያን ምን ይሉታል? ሩሲያኛ ራብ ነው። ሥራ ደግሞ ራቦታ። አያችሁ? ቼክኛ ላይ ሮቦታ የሚባለው ጭሰኛው ለባለ መሬቱ በነጻ የሚሰራው የግዴታ ሥራ ነበር፣ ማርያ ቴሬዛ (ብሩ ላይ ያለችው ማርትሬዛ ራሷ) በ1775 ቦሄሚያ (የዛሬው ቼክ ምዕራቡ ክፍል) ላይ በሳምንት ከ3 ቀን አይለፍ ብላ ደነገገች፣ ጨርሶ የቀረው በ1848 ነው። በ1920 ካሬል ቻፔክ የሚባል የቼክ ጸሐፊ ስለ ሰው ሰራሽ ሠራተኞች ቴያትር ሲጽፍ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ጨንቆት ወንድሙን ዮሴፍን ጠየቀው፣ ሰዓሊ ነው ወንድሙ፣ ሮቦት በላቸው አለው። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሮቦት፣ ቤት የሚጠርገው ሮቦት፣ ሁሉም ስሙ ከዛ የጭሰኛ ግዴታ የመጣ ነው። የጀርመኖቹ አርባይት (ሥራ) እና የእንግሊዞቹ ኦርፋን (ወላጅ አልባ) ከዚሁ ስር የበቀሉ ናቸው ይባላል፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ነው ለሰው ቤት የሚሰራው በሚል። ዘመናዊ ግሪክኛ ላይ ዱልያ ሥራ ነው፣ ዱሊያ ባርነት ነው፣ ልዩነቱ ድምጹን የምትጥልበት ቦታ ብቻ። አቴንስ ያለ አበሻ ሁሉ ጠዋት ዱልያ ልሂድ ሲል ትንሽ ከተሳሳተ ወደ ሌላ ነገር ነው የሚሄደው።

እኛስ? ግዕዝ ላይ ገብር ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ መድኅን የምንለው ከዚያ ነው። ግብር ደግሞ ሥራ ነው፣ ግብረ ሐዋርያት ስንል የሐዋርያት ሥራ እንደምንለው። ከዛ ግብርና፣ ከዛ ገበሬ፣ ከዛ ገባር፣ ከዛ ለመንግስት የምንከፍለው ግብር። ራብና ራቦታ፣ ገብርና ግብር። ገባሩ ለባለ ርስቱ የሚሰራው ነገር በቼክ ሮቦታ ቢባል ማንም አይቃወምም ነበር። እና አንድ ቼክ መጥቶ ሮቦትን በአማርኛ ተርጉምልኝ ቢለኝ ያለ ጥርጥር ገባር ነው የምለው፣ ከነ ቁጭቱ ይገልጸዋል።

አሁን ወደ ሰላምታው። በትህትና ባሪያህ ነኝ ማለት የቬኒስ ብቻ ፈሊጥ አይደለም። ያ ከላይ ያልኩት የላቲኑ ሰርቩስ እንደ ባሪያ ቢረሳም እንደ ሰላምታ ቆሟል፣ ሙኒክ ወይ ቪየና ያላችሁ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ፣ ሰው ሱቅ ሲገባም ሲወጣም ሰርቩስ! ሃንጋሪዎችም ሰርቩስ ይሉ ነበር፣ አሁን አሳጥረው ሲያ አድርገውታል። ሃንጋሪዎች ሌላ ጉድ አላቸው እንግዲህ፣ ሲለያዩ «ሄሎ» ይላሉ፣ ሲገናኙ «ሲያ» ይላሉ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ስዊድኖች ደግሞ ጓደኛቸውን ሼና ይላሉ፣ ሼናረ ከሚለው ነው፣ አገልጋይ ማለት። እንግሊዞች ደብዳቤ ሲጨርሱ «ታዛዥ አገልጋይዎ» ብለው ይፈርሙ የነበረው ያው ነው።

ሌላው የስንብት ቤተሰብ እግዚአብሔርን የሚጠራው ነው፣ አዲዮስ፣ አድዩ፣ ጉድባይ (ይሄም «እግዚአብሔር ከናንተ ጋር ይሁን» ከሚል አጥሮ ነው)። ጀርመን አገር ያላችሁ ልብ በሉ፣ ቹስ እና ቻው ዘመዳሞች ይመስላሉ ግን አይደሉም፣ ቹስ ከአድዩ ወገን ነው፣ ለእግዜር አደራ የሚል፣ ቻው ከባሪያህ ነኝ ወገን። ቬትናሞችም ቻው ይላሉ ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፣ ይላሉ፣ ግን የራሳቸው ቃል ነው፣ አጋጣሚ ነው፣ አይገናኝም።

ቻው ከቬኒስ ወደ ሚላን፣ ከዛ ወደ ጣልያን ሁሉ፣ ከዛ ከስደተኛው ጋር በመርከብ ወደ አርጀንቲናና ብራዚል ሄደች፣ ቻው እና ቻዉ እያሉ ይለያዩባታል፣ እንደኛው ለመለያየት ብቻ። ጀርመን ገባች፣ ማልታ ገባች፣ አስመራና አዲስ አበባ ገባች። ቬኒስ ራሷ ላይ ደግሞ ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ወጣ ስትሉ ባህሩን ይዞ የሚሄድ ሰፊ መንገድ አለ፣ ሪቫ ዴሊ ስኪያቮኒ ይባላል፣ ቱሪስት ጂላቶ እየላሰ የሚሄድበት። የባሪያዎች መንገድ ማለት ይመስላል ግን አይደለም፣ ስኪያቮኒ የሚባሉት ከዳልማሽያ፣ ከዛሬው የክሮኤሽያ ባህር ዳርቻ የሚመጡ ስላቭ መርከበኞችና ነጋዴዎች ነበሩ፣ ነጻ ሰዎች፣ መርከባቸውን እዛ ያስሩ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ ያው ስም ወደቡ ላይ ሕዝብ ነው፣ ገበያው ውስጥ ባሪያ ነው፣ መንገድ ላይ ሰላምታ ነው።

እና ከሁሉም የሚገርመኝ የመጨረሻ ማረፊያዋ ነው። ዛሬ ፕራግ ላይ ሁለት ጓደኛሞች ሲገናኙ ቻው ይላሉ። ብራቲስላቫም ቻው። ቤልግሬድ ቻኦ፣ ሶፊያ ቻኦ። ሁሉም ስላቮች ናቸው። ስማቸው በምርኮ ከነሱ ጋር ወደ ደቡብ ሄዶ፣ ግሪክ ክ ጨምሮበት፣ ላቲን ሸጦት፣ ቬኒስ ሰላምታ አድርጎት፣ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ተመልሶ መጥቶ እነሱም እንደ እናቴ ሁለት ሶስቴ ደጋግመው ስልክ ይዘጉበታል።